አሰብን የዘጋብን ጦርነት ነው

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ቀርበው የቀይ ባሕርን ነገር ካነሡ ወዲህ አንድ አስተያየት ያለ ተቀናቃኝ ነግሧል። አስተያየቱ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ኢትዮጵያ የደኸየችው የባሕር በር ስለሌላት ነው፤ በሩን ያጣችው በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ሰዎች አሳልፈው ስለሰጡት ነው፤ ስለዚህ አሰብ በውድም ሆነ በግድ መመለስ አለበት። መንግሥትን በሌላው ጉዳይ ሁሉ የሚቃወመው ሰው እንኳ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይስማማል፤ የማይስማማውም ባንዳ እንዳይባል ዝም ይላል። እኔ ግን የዚህ አስተያየት መሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ኢትዮጵያ በአሰብ መጠቀም ያቆመችው ወደቡ የሌላ አገር በሆነ ጊዜ አይደለም። ያቆመችው ከወደቡ ባለቤት ጋር በተዋጋች ጊዜ ነው። ሁለቱ በአምስት ዓመት የሚራራቁ ክስተቶች ሲሆኑ፣ አሁን በየመድረኩ የሚሰማው ክርክር ሁሉ የቆመው ሁለቱን አንድ አድርጎ በመቁጠር ላይ ነው።

ኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች። ከዚያ በኋላ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው ያለፈው በዚያው በአሰብ ነው። ሁለቱ መንግሥታት የትራንዚት ስምምነት ነበራቸው። ኤርትራ ራሷ እስከ ኅዳር 1990 ዓ.ም. ድረስ በብር ትገበያይ ስለነበር የዛሬው የዶላር ጭንቀት አልነበረም። በወደቡ የሚሠራውም የሚነግደውም ሰው በብዛት ከመሐል አገር የሄደ፣ አማርኛ የሚናገር ነበር። ሰንደቅ ዓላማው የኤርትራ፣ ሥራው የኢትዮጵያ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩ የተበላሸው ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አትማ ስታወጣ፣ ኢትዮጵያ በበኩሏ ከእንግዲህ ንግዳችን በባንክ ኤልሲና በውጭ ምንዛሪ ይሁን ስትል ነው። በስድስት ወር ውስጥ ድንበር ላይ ባለችው ባድመ ተኩስ ተከፈተ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሞተው ሰው በአብዛኛው ግምት ከ70 ሺህ በላይ ነው። ኢትዮጵያ 75 ሺህ ያህል የኤርትራ ተወላጆችን አባረረች፤ ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን አባረረች፤ ከአሰብም ሠራተኛው ጓዙን ሳይይዝ ወጣ። ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብ ከኢትዮጵያ ሌላ ይህ ነው የሚባል ደንበኛ አልነበረውምና ክሬኑም መጋዘኑም ሥራ ፈታ። ይህን ሁሉ ያመጣው የ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሳይሆን የ1990ው ጦርነት ነው።

የወደብ ባለቤትነት ብቻውን ያበለጽግ ቢሆን ኖሮ ከመስከረም 1945 እስከ 1983 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት የብልጽግና ዘመን በሆኑ ነበር። መጀመሪያ በፌዴሬሽን፣ ከኅዳር 1955 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ በቀጥታ ምጽዋም አሰብም የእኛ ነበሩ። አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ የነዳጅ ማጣሪያ ሳይቀር ነበረን። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የደረሰው በዚያ ዘመን ነው፤ የ1977ቱም እንዲሁ። በ1977 ዓ.ም. የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች አሰብ ደርሰው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የጎደለው ከወደቡ እስከ ተራበው ሰው ድረስ ያለው ነገር ሁሉ ነበር፤ የጭነት መኪናው፣ መንገዱ፣ ከሁሉም በላይ ሰላሙና የመንግሥቱ ፈቃድ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በታሪኳ ፈጣን የተባለውን የኢኮኖሚ ዕድገት ያስመዘገበችው ከ1996 ዓ.ም. በኋላ፣ ያለ አንድ ክንድ የባሕር ዳርቻ ነው። ባለሁለት አኃዝ የተባለው ቁጥር ተጋኗል የሚል ይኖራል፤ ግማሹን ቀንሶም ቢያስበው ከወደቡ ዘመን የተሻለ ሆኖ ያገኘዋል። በዚያ ላይ ሁለቱን ወደቦች በእጅ ለማቆየት 30 ዓመት ተዋግተናል፤ ያንን ሒሳብ ወደብ ወደብ ከሚሉት ሰዎች አፍ ሲወጣ አልሰማሁም።

ነገሩን ወደ መሬት ለማውረድ ከመራዊ የተሻለ ቦታ አላገኝም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የሜጫ በቆሎ መናኸሪያ ናት፤ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ ግድብም እዚያው አጠገቧ ነው። የሜጫ በቆሎ ያለ ዩሪያ ማዳበሪያ አይታሰብም። ሲዘራ አንድ ጊዜ፣ ቁመቱ ጉልበት ሲደርስ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይጨመርለታል፤ ሁለተኛው ዙር በሦስት ሳምንት ከዘገየ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነው። እንግዲህ የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ መራዊ ላይ እንዲህ የናረው ምን ሆኖ ነው? በ2014 ዓ.ም. ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ የጋዝና የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ተተኮሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አሰብ የእኛ ቢሆን ከእነዚህ አንዱንም አያስቀርልንም፤ ዩሪያው የሚገዛው በዶላር ነው፣ ሻጩም ወደባችን የማን እንደሆነ አይጠይቅም። የወደብና የትራንዚት ክፍያ ሸክም መሆኑን አልክድም። ለጅቡቲ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይከፈላል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግድም በአንድ በር ይተላለፋል። ይሁንና የራስ ወደብም ክሬን፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ጥበቃና ዕዳ አለው፤ በነጻ ዕቃ የሚያራግፍ ወደብ የለም።

የመንገዱ ነገር ከዋጋውም የባሰ ያጋልጠናል። ከአሰብ የሚመጣው መንገድ በቡሬ (የጎጃሙን ማለቴ አይደለም፣ የአፋሩን ነው) ገብቶ፣ ከጅቡቲ በጋላፊ ከሚመጣው ጋር ሰመራ ሳይደርሱ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ መንገድ ናቸው። ለጎጃም የተጫነ ማዳበሪያ በየትኛውም ወደብ ቢራገፍ ወይ በሚሌ በወልዲያ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወርዳል፣ ወይ በሞጆና በአዲስ አበባ ዞሮ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። ታዲያ መኪናው የሚቆመው የት ላይ ነው? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በእነዚህ በሁለቱም መንገዶች ላይ ሾፌር ታግቷል፣ መኪና ተቃጥሏል፣ መንገድ ለሳምንታት ተዘግቷል። መራዊ ራሷ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ያየችውን አይታለች፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያች ቀን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት ኃይሎች መገደላቸውን አስታውቋል። ከባሕር ዳር መራዊ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር በሰላም ማስኬድ ያልቻለ መንግሥት፣ ከቡሬ አሰብ ያለውን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በጠላት ምድር ላይ ጠብቆ ኮንቴይነር ያስኬዳል ብሎ ማመን ብዙ ድፍረት ይጠይቃል። ሌላም አለ። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለወታደራዊው ኩባንያ ለሜቴክ ተሰጥቶ ቢሊዮኖች ፈስሰውበት ተጀምሮ የቀረው ወደብ ስለሌለን አይደለም። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውል የታሰረለት የጎዴው የዩሪያ ፋብሪካ፣ እንደታሰበው ከሆነ፣ ከካሉብና ከሂላላ በሚወጣ የራሳችን ጋዝ የሚሠራ ነው። የሜጫን ኮምጣጣ አፈር የሚያክመው ኖራም እዚሁ ደጀን ይፈጫል።

የሕግ ክርክር የሚያነሡ አሉ፤ እነሱን በንቀት ማለፍ አይገባም። የዘመናዊው አሰብ ታሪክ የሚጀምረው በ1862 ዓ.ም. ሩባቲኖ የተባለ የጣልያን መርከብ ኩባንያ ቦታውን ከአካባቢው ሱልጣኖች ሲገዛ ነው፤ ለአንድ ኩባንያ የተሸጠ ባሕር ዳርቻ እንዴት አገር ያቆማል የሚለው ቁጭት ይገባኛል። በ1985 ዓ.ም. የነበረው የሽግግር መንግሥት ስለ ወደቡ አጥብቆ አልተደራደረም የሚለውም ወቀሳ ትክክል ነው። ግን ዳግማዊ ምኒልክ በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የተፈራረሟቸው ውሎች አሉ፤ የመጨረሻው በአፋር በኩል ያለውን ድንበር ከባሕሩ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጦርነቱን የዘጋው የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲፈረም ኢትዮጵያ ድንበሩ በእነዚህ ውሎች እንዲካለል፣ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን በፊርማዋ ተቀብላለች። ውሎቹ የቅኝ ገዥ ናቸውና ይቀደዱ የሚለው ሰው ቀጥሎ የሚቀደደውን ያስብ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል የሱዳንን ድንበር የወሰነ ነው፤ ሕዳሴ ግድብ የቆመባት ጉባ በእኛ በኩል የሆነችው በዚያ ውል ነው። ሱዳን በ2013 ዓ.ም. ይህንኑ ጠቅሳ ውሉን ካልተቀበላችሁ ቤኒሻንጉልንም እንነጋገርበታለን ማለቷን የዓባይ ዳር ሰው ሊረሳው አይገባም። ሰሜን ላይ ቀዶ ምዕራብ ላይ መስፋት አይቻልም። ቦሊቪያ የባሕር ዳርቻዋን ለቺሊ ካጣች ከ130 ዓመት በኋላ ዘ ሄግ ድረስ ሄዳ እ.አ.አ. በ2018 በ12 ለ3 ድምፅ ተረትታለች። እስከ ዛሬ በየዓመቱ የባሕር ቀን ታከብራለች፣ በቲቲካካ ሐይቅ ላይም የባሕር ኃይል አላት (የእኛም የባሕር ኃይል እንደገና ሲቋቋም ማዘዣው ባሕር ዳር እንዲሆን ታስቦ እንደነበር ይታወሳል)። ዕቃዋ ግን እ.አ.አ. በ1904 በተፈረመ የትራንዚት ውል መሠረት በቺሊዋ አሪካ ይገባል ይወጣል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማው ቁጭት በ1992 ዓ.ም. ሠራዊቱ አሰብን መያዝ ሲችል ተገታ የሚል ነው። ይያዝ ነበር እንበል። ከዚያስ? ወደብ ማለት ከተማና መትከያ ብቻ አይደለም፤ ባለመርከቡ ልምጣ ሲል፣ ኢንሹራንሱ ልሸፍን ሲል፣ ባንኩ ኤልሲ ሲከፍት ነው ወደብ የሚሆነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በጥቂት ሚሳይልና ድሮን መርከብ መምታት ሲጀምሩ እነ ማርስክ ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞርን መርጠዋል፤ የኢንሹራንሱ ዋጋም ሰማይ ነክቷል። የታላላቅ መንግሥታት የጦር መርከቦች እየቃኙ ባለመርከቡን ማሳመን ካልቻሉ፣ ባለቤቱ አልለቅም እያለ ከተራራ በሚተኩስበት፣ ዓለም ሁሉ ወረራ ብሎ በሚጠራው ወደብ ላይ ማን መልሕቁን ይጥላል? የጅቡቲን አንድ በር የሚያማርር ሰው በጦርነቱ ወቅት ያ በርም መዘጋቱ እንደማይቀር አያስብም፤ የጅቡቲ መንገድና የአሰብ ግንባር እዚያው አፋር ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው።

ከሁሉ የረቀቀው ተቃውሞ ግን እንዲህ ይላል፦ ማን ይዋጋል አለህ? ማስፈራራት ነው፤ ካላስፈራሩ ማንም አይሰጥም። ይህ ክርክር ጥቂት እውነት አለው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመና አካባቢው ከታመሰ በኋላ ጅቡቲ የታጁራን ወደብ ሙሉ አስተዳደር ለኢትዮጵያ ለመስጠት ሐሳብ አቅርባለች። ስለዚህ ጫና ፍሬ አላፈራም አልልም። ነገር ግን ፍሬውን ያቀረበችው የተስማማነው ጎረቤት መሆኗ ልብ ይባልልኝ። ያስፈራራናቸውስ ምን አደረጉ? ሶማሊያ ከግብፅ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራርማ የግብፅ መሣሪያ ሞቃዲሾ ገባ፤ በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የግብፅ፣ የሶማሊያና የኤርትራ መሪዎች አሥመራ ላይ ተቀመጡ። ካይሮ ለዓመታት ስትመኘው የነበረውን፣ ኢትዮጵያን ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚከብብ ወዳጅነት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በእጇ ያስገባንላት እኛው ነን። በመጨረሻም ከሶማሊያ ጋር ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ የተደረሰበት መግባባት የባሕር በሩ በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር ይሁን የሚል ነው። ይህን ለማግኘት መጀመሪያ መጣላት አያስፈልግም ነበር።

የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂስ? እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቼ ክርክር ብርቱ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመውን የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ እቀበላለሁ አለች፤ ሐምሌ 2 ቀን አሥመራ ላይ የሰላም ሰነድ ተፈረመ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ ያሉት የድንበር በሮች ተከፈቱ፤ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሮቹ አንድ በአንድ መልሰው ተዘጉ። በኋላ የኤርትራ ሠራዊት በትግራይ ጦርነት ገብቶ የሠራውን ዓለም ያውቀዋል። ከእንዲህ ያለ መንግሥት ጋር ምን ዓይነት ጉርብትና ይኖራል ቢሉኝ፣ ቀላል ነው አልልም። ግን ይኸው መንግሥት በ2007 ዓ.ም. አሰብን ለተባበሩት አረብ ኤምሬቶች አከራይቷል፤ ኤምሬቶች ለየመኑ ጦርነት አየር ማረፊያውንና ወደቡን አስፋፍተው ተጠቅመውበት በ2013 ዓ.ም. ነቅለው ሄደዋል። ከባሕር ማዶ የመጣ መንግሥት በውል የተጠቀመበትን ወደብ፣ 70 ኪሎ ሜትር ላይ ያለነው እኛ በፉከራ ልናገኘው አልቻልንም። አሥመራ ዋጋ ካየች ትሸጣለች ማለት ነው፤ ጥያቄው ዋጋው ምንድን ነው የሚለው ነው። ደግሞ ጦርነት ለዚያ መንግሥት ቅጣት አይደለም። ወጣቱን ያለ ገደብ በብሔራዊ አገልግሎት የያዘው፣ ምርጫም ሕገ መንግሥትም የከለከለው ወያኔ መጣባችሁ፣ ኢትዮጵያ መጣችባችሁ እያለ ነው፤ ከ1994 እስከ 2010 ዓ.ም. ያለው ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ዘመን ለአሥመራ ጥሩ ስንቅ ነበር። ያንን ስንቅ ከአዲስ አበባ መልሶ መላክ እሱን ማዳከም አይደለም። ኢሳይያስ የተወለዱት በ1938 ዓ.ም. ነው። ከሳቸው በኋላ የሚመጣው የኤርትራ ትውልድ ኢትዮጵያን የሚያስታውሳት በንግድ ይሁን በወረራ ግን የሚወሰነው ዛሬ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለውን ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ጊዜያት የከሸፉበትን ማየት ይበቃል። በ1990 ዓ.ም. አገሮቹ የተጋጩት ሁለት ገንዘብ በአንድ ድንበር ላይ እንዴት ይመነዘራል የሚለውን ሳይወስኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. ድንበሩ ሲከፈት ደግሞ የወደብ ታሪፍ፣ የጉምሩክ አሠራር፣ የብርና የናቅፋ ምንዛሪ፣ የሾፌሩ ቪዛ፣ የአሰብን መትከያ ማን በምን ገንዘብ ያድሰዋል የሚለው ጉዳይ በዝርዝር ተጽፎ ለሕዝብ አልቀረበም፤ መሪዎች ተቃቀፉ፣ ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ ተሻገረ፣ ቀራጩ ምን እንደሚቀርጥ አያውቅም ነበር። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ሲወስን የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስዩም መስፍን አሸንፈናል ብለው በዚያው ቀን ማወጃቸው ይታወሳል፤ ውሳኔው ከተሰጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ እስከ ዛሬ መሬት ላይ የቆመ የድንበር ምሰሶ ግን የለም። አሰብን የሚፈልግ መንግሥት ሥራውን የሚጀምረው ምሰሶውን ተክሎ፣ ያንን የታሪፍ ወረቀት ጽፎ፣ ፓርላማ ፊት አቅርቦ በማጸደቅ ነው።